ባዶ ሳጥን «አረንጓዴ» እንዳይሆን፦ የኬሚካል ስጋት መገምገሚያ ሶፍትዌር ለምትሰሪው እህቴ

እህቴ ሰላም፣ ጥያቄሽን አየሁት። መስሪያ ቤትሽ እስካሁን በኤክሴል ሲሰራበት የቆየውን የኬሚካል ስጋት መገምገሚያ ወደ ሶፍትዌር እንድትቀይሪ ታዘሻል። የሚሞሉት የላብ ቴክኒሻኖችና የስቶር ሰራተኞች ናቸው፤ «ዲዛይኑን ከምን ልጀምር? ሰው ሳይሰለችስ እንዴት ይሞላዋል?» ነው ያልሽው። እኔ እዚህ ጅማ ይህንኑ ስራ ሰርቻለሁ፤ መጀመሪያ ለአንድ የግል ተቋም ላብራቶሪዎች፣ ቀጥሎ ለእንጨት ስራ ቤቶች። እኔ የተንገላታሁበትን አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው የምፅፈው። ስለ ፍሬምወርክና ዳታቤዝ አላወራም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ኤክሴሉን እንዳለ ወደ ስክሪን አታዛውሪው። መጀመሪያ ፎርሙላውን ክፈቺና ባዶ ሴል ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ እዪ። እኔ የተረከብኩት ፋይል የጉዳቱን ክብደት ከ1 እስከ 5፣ የመድረስ ዕድሉን ከ1 እስከ 5 አስሞልቶ ያባዛል፤ የወጣው ቁጥር ከ5 ካነሰ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። ያንቺም እንደዚሁ እንደሚሆን አልጠራጠርም፣ ሁሉም የሚቀባበለው ያንኑ ሰንጠረዥ ነው። ፎርማሊን የተመዘገበበት መስመር ላይ ቴክኒሻኑ ክብደቱን ስላላወቀ ባዶ ትቶታል። ለኤክሴል ባዶ ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ከ5 ያንሳል። ፎርማሊን አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል! ውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካረጋገጠ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ፋይል ውስጥ ከሁሉም በላይ ሰላማዊ መስሎ የሚታየው ማንም የማያውቀው ኬሚካል ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ስር «አላውቅም» የሚል፣ ከሌሎቹ መልሶች እኩል የሚታይ ምርጫ አስቀምጪ። እሱ ሲነካ ስሌቱ ወደ ከባዱ ወገን ያዳላ፤ ውጤቱም «መረጃው እስኪገኝ እንደ አደገኛ ተቆጥሯል፣ ኤስዲኤሱን (የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ሰነድ) ከአቅራቢው ጠይቁ» ይበል። ቴክኒሻን አላውቅም ለማለት ማፈር የለበትም፤ ሲስተሙ ራሱ መንገዱን ይክፈትለት።

2. ሰራተኛው እጁ ላይ የሌለውን ነገር አትጠይቂው። የድሮው ፎርም የካስ ቁጥር (የኬሚካሉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ የመፍላት ነጥብና የእንፋሎት ግፊት ይጠይቅ ነበር። ቫርኒሽ የሚቀባ ልጅ ፊቱ ያለው ቲነር ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ፣ ምንም ያልተፃፈበት። እሱ የሚያውቀው በሳምንት ስንት ሊትር እንደሚጨርስ፣ በብሩሽ ይቀባ በኮምፕረሰር ይርጭ፣ በሩ ይከፈት አይከፈት፣ ማታ ራሱን ያመው አያመው እንደሆነ ነው። ይህንን ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ቲነር ውስጥ የሚገኘው ቶሉይን በ111 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚፈላ ሲስተሙ ይወቅለት።

ስሌቱን ከዜሮ መፍጠር አያስፈልግሽም። እንግሊዞች በ1999 ለአነስተኛ ድርጅቶች ያወጡት ኮሽ ኢሴንሺያልስ የሚባል ዘዴ አለ፤ የዓለም የስራ ድርጅት የኬሚካል መቆጣጠሪያ ቱልኪትም በዚያው ላይ የተመሰረተ ነው። የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው የጉዳቱ ምድብ ነው፤ ይህ ከኤስዲኤሱ ክፍል 2፣ «ኤች» ብለው ከሚጀምሩት ኮዶች ይገኛል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ነው፦ በግራም ወይም በሚሊሊትር፣ በኪሎ ወይም በሊትር፣ በቶን። ሦስተኛው ምን ያህል እንደሚተን ወይም እንደሚቦን ነው፤ በክፍል ሙቀት ለሚሰራበት ፈሳሽ ከ50 ዲግሪ በታች የሚፈላው ከፍተኛ፣ ከ50 እስከ 150 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ዝቅተኛ ይባላል። ከነዚህ ተነስቶ ከአራት መፍትሄዎች ወደ አንዱ ይመራሻል፦ ክፍሉን በደንብ ማናፈስ፣ ጭሱን ከምንጩ መሳብ፣ ስራውን መሸፈን፣ ወይም ባለሙያ መጥራት። ምድቡን አንድ ጊዜ አንቺና ኬሚስቱ ሙሉት፤ ቴክኒሻኑ መጠኑንና አሰራሩን ብቻ ይንገራችሁ።

ግን ጠንቀቅ በይ፣ ይህ ዘዴ የሚያየው ጤናን ነው። ቲነር በእሳት የሚያደርሰውን ለብቻው አስገቢ፤ የቶሉይን ብልጭታ ነጥብ (እንፋሎቱ እሳት መያዝ የሚጀምርበት ሙቀት) 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጅማ ውስጥ በየትኛውም ሰዓት እንፋሎቱ ብልጭታ ካገኘ ይያያዛል። ከስራው የሚወጣ አቧራና ጭስም በዚህ ስሌት አይያዝም። እንጨት ቤት ገብተሽ ስለ ቫርኒሽ ብቻ ጠይቀሽ ብትወጪ የመጋዙን ብናኝ ረሳሽ ማለት ነው፤ የእንጨት ብናኝ ደግሞ እንደ ፎርማልዲሃይድ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው።

3. ውጤቱ ቁጥር አይሁን። «16፣ ከፍተኛ» የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው ምን ያድርግ? «ቲነሩን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጥ፤ ስሙን ፃፍበት፤ ብየዳው ካለበት አርቀው፤ ስትረጭ ሁለቱንም በር ክፈት» ይበለው። ቀለም ላይም አትመኪ። የቢሮው ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩም አረንጓዴውም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው እሱ ወረቀት ነው እንጂ ስክሪንሽ አይደለም።

አሁን ስለዚያ ቢሮ ልንገርሽ፣ አንቺም እንደምታገኚው እርግጠኛ ነኝ። የኬሚካሎቹን ኤስዲኤስ ለማግኘት ወደ ተቋሙ ኃላፊ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የኬሚካል ዝርዝር የድርጅት ሚስጥር ነው፣ በደብዳቤ ና» አለኝ። ደብዳቤ ይዤ ስመጣ ማህተሙ ደብዝዟል ተባለ። ሰራተኛው ለሚተነፍሰው ነገር ሰነድ መጠየቅ እንደ ስለላ ተቆጠረብኝ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ይህ ግን ጊዜ ብቻ ነው የበላው። የባሰው በኋላ መጣ። ሲስተሙ መስራት ሲጀምር ኃላፊው እያንዳንዱ ግምገማ ላይ «ተጠያቂ ሰራተኛ» የሚል ሳጥን እንዲጨመር አዘዘ፤ ሙሉ ስም ከመታወቂያ ቁጥር ጋር። ተከራከርኩ፣ አልሰማኝም፣ ተጨመረ።

ከዚያ ወዲህ መልሱ ሁሉ «አዎ» ሆነ። ጓንት ታደርጋለህ? አዎ። ፊዩም ሁዱ (ጭስና እንፋሎት ስቦ የሚያወጣው ካቢኔ) ይሰራል? አዎ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ፊዩም ሁዱ ሞተሩ ተቃጥሎ ካርቶን ተደርድሮበታል። ሲስተሙ ግን «ተስማሚ» ይላል። ቴክኒሻኑን አልፈርድበትም፤ እንጀራውን ሊያሳጣው የሚችል ፎርም ላይ ማን እውነቱን ይፅፋል? ያ አንድ ሳጥን የስንት ጊዜ ልፋታችንን ከንቱ አደረገው። የተሰበሰበውን መረጃ መጣል ነበረብን።

የፈታሁት ጥያቄዎቹን ከሰው ወደ ዕቃ በማዞር ነው። «ጓንት ታደርጋለህ?» የሚለው «ልክህ የሆነ ጓንት ዛሬ ስቶር ውስጥ አለ?» ሆነ። «ፊዩም ሁድ ትጠቀማለህ?» የሚለው «ሲበራ ከፊቱ የተያዘ የሶፍት ቁራጭ ወደ ውስጥ ይሳባል?» ሆነ። «ተጠያቂ ሰራተኛ» የነበረው ቦታ ላይ «የጎደለው ዕቃና የሚገዛው ክፍል» ገባ። ከሪፖርቱ ግርጌ አሰሪው የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀፅ 92 ላይ ያለበትን ግዴታ ፃፍኩ፤ የስራውን አደጋ ማሳወቅና መከላከያ ማቅረብ የእሱ ነው ይላል። ያንቺ መስሪያ ቤት በዚህ አዋጅ የሚተዳደር ከሆነ ያለ ማመንታት አስገቢው። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ዝም አለ፤ ሳጥኑም ተመልሶ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ነው ሲስተሙ ስራ የሰራው። አንዲት ላብ አሲስታንት የመደርደሪያዋን ዕቃ ስታስገባ በረኪናና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ላይ መቀመጣቸውን ነገራት፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ለየቻቸው። በስራዬ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

የቀረውን በአጭሩ ልበልሽ። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን አንድ አድርጎ ይይ፤ አለበለዚያ «ሀይድሮክሎሪክ» ብሎ የመዘገበውን «ሐይድሮክሎሪክ» ብሎ የሚፈልገው አያገኘውም፤ እንደገና ይመዘግበዋል፣ ክምችቱም እጥፍ ሆኖ ይታያል። መብራት ሲጠፋ የተሞላው እንዳይጠፋ እያንዳንዱን መልስ እዚያው ስልኩ ላይ አስቀምጪ። በሰዓት «ከስንት እስከ ስንት» አትበይ፣ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጅ ይሞላልሻል፤ «ስንት ሰዓት ይቆያል» በይ። ጅማ ላይ ደግሞ ብዙው ሰራተኛ የሚቀለው ኦሮምኛ ነው፤ ትርጉሙን ለማሽን አትስጪው፣ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ቁጭ ብለሽ ስሪው።

ቀኑን ግን በአጭሩ አላልፈውም። ኤተር የሚባለው የላብራቶሪ ማሟሟያ ከተከፈተ በኋላ እየቆየ ሊፈነዳ የሚችል ፐርኦክሳይድ ይሰራል፤ ስለዚህ የተከፈተበት ቀን ወሳኝ ነው። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «2017» ተፅፎ ብታገኚ የማን 2017 ነው? በፈረንጅ ከሆነ ኢትዮጵያዊ አድርጎ ያነበበው ሰው አሮጌውን ጠርሙስ አዲስ ነው ብሎ ይከፍተዋል። ሲስተሙ ዓመት ሲገባለት ሁልጊዜ «የኢትዮጵያ ወይስ የአውሮፓ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የወሩንም ስም በፊደል ያስመርጥ። ቀኑ እርግጠኛ ያልሆነውን ጠርሙስ ማንም ክዳኑን እንዳይነካው ቀይ ማስጠንቀቂያ ይውጣ፣ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቃላትም ይፃፍ።

ኤክሴልሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የመስሪያ ቤቱን መረጃ አጥፍተሽ ርዕሶቹንና ፎርሙላውን ብቻ። ባዶ ሴሉን ምን እንደሚያደርገው ዛሬ ማታ አይቼ እነግርሻለሁ።