«ድራማው ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» የተባለች የፕሮዳክሽን ረዳት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከኅዳር 1 እስከ የካቲት 28 ድረስ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ላይ በፕሮዳክሽን ረዳትነት ሠርቻለሁ። በቃል የተስማማነው በወር 8,000 ብር ነበር። የኅዳርና የታኅሣሥ ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ተከፍሎኛል፤ ከታኅሣሡ ላይ ግን ቀረጻ ላይ ስለጠፋ አንድ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ 3,000 ብር ተቆርጦብኛል። የጥርና የየካቲት እስካሁን አልተከፈለኝም። ፕሮዲዩሰሩ ሚያዝያ 11 በቴሌግራም «የሁለት ወር ደመወዝሽ እንዳለብኝ አልካድኩም፤ ድራማው ለጣቢያ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ሰሞኑን ስጠይቀው ደግሞ «አንቺ ሙያ ልትለምጂ መጣሽ እንጂ ሠራተኛ አይደለሽም፤ ውልም የለሽም» አለኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ እስከ እኩለ ሌሊት የሠራሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ምን መብት አለኝ? ስሜ በድራማው ማብቂያ ላይ እንዲወጣስ ማስገደድ እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ መብት አለዎት። ከመብቱ በፊት ግን ስለ ቀኑ እናውራ፤ ደብዳቤዎን አንብቤ የደነገጥኩት በቀኑ ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ሌሎች ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ፤ ማለትም ጊዜያቸው ስላለፈ በክስ ማግኘት አይቻልም። የኅዳር ትርፍ ሰዓትዎ ጊዜ ግንቦት 30 አልፏል፤ ይህን ስጽፍ እያዘንኩ ነው። የታኅሣሡ፣ የተቆረጠብዎትን 3,000 ብር ጨምሮ፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ዛሬ ሰኔ 16 ነው። ድራማው እስኪሸጥ ይጠብቁ የተባሉት እንግዲህ መብትዎ እየተሸራረፈ እንዲያልቅ ነው።

የቴሌግራሙ መልእክት በእጅዎ ያለ ትልቅ ማስረጃ ነው። ባለዕዳው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል፤ ስለዚህ የጥርና የየካቲት ደመወዝዎ ከሚያዝያ 11 ወዲህ አዲስ ዕድሜ አግኝቷል ብለው መከራከር ይችላሉ። መልእክቱ የሚናገረው ግን ስለ ደመወዝ ብቻ ነው። ስለ ትርፍ ሰዓትና ስለ ሬዲዮው አንድም ቃል የለበትም፤ ስለዚህ በእሱ ተማምነው ቀን አያሳልፉ።

ወደ ዋናው ክርክር ልመለስ። ውል የለሽም የሚለው አባባል በቀረጻ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶችን ሁሉ የሚያስፈራ ነው፤ በሕግ ፊት ግን ክብደት የለውም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ይህን አለማድረጉ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። «ልትለምጂ መጣሽ» ለሚለው መልሱ የራሱ አድራጎት ነው፤ የሁለት ወር ደመወዝ ከፍሏል። ምናልባት «በራሷ የሙያ ኃላፊነት የምትሠራ ናት» የሚል መከራከሪያም ሊያመጣ ይችላል። የካሜራ ባለሙያ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ ዋጋ ተደራድሮ ሲመጣ ይህ ክርክር የሚያስኬድበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ሥራ ግን ሲጠሩ መምጣት፣ ተዋናይ መቀስቀስ፣ ገመድ መጠቅለል፣ መንገደኛውን ከካሜራ ፊት ማራቅ፣ ምሳ ማዘዝ ነው። ከዚህ በላይ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሥር መሥራት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ምሳ ካነሳሁ፣ እባክዎ የምሳና የእራት ማዘዣ ደብተርዎን ፈልጉልኝ። የፕሮዳክሽን ረዳት ስንት ሰው እንደሚበላ ቆጥሮ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ ከፕሮዳክሽን ማናጀሩ ጋር ሒሳብ ያወራርዳል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ለቀረጻው ቡድን እራት የተገዛበት፣ በእርስዎ ስም የተወራረደ ደረሰኝ ካለ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበሩ የአሠሪዎ የራሱ መዝገብ ይመሰክርልዎታል። ማታ ማታ በቡድኑ ቴሌግራም የሚላከው የነገ ጥሪም እንዲሁ ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው በአሠሪው ትእዛዝ ሲሠራ ስለሆነ ያ ጥሪ ትእዛዙን ያሳያል። ስልኩን አይቀይሩት፣ ከቡድኑም አይውጡ።

ሒሳቡን በአንድ ቀን ላሳይዎ። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 8,000 ብር ለ26 የሥራ ቀን፣ ቀኑ ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 38.46 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ከጨረሱና ለምግብ አንድ ሰዓት ካረፉ፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ትርፍ 7 ሰዓት ነው፤ በአንቀጽ 68 በ1.5 ተባዝቶ 403.85 ብር ይሆናል። ከ4 ሰዓት በኋላ ያሉት 2 ሰዓታት በ1.75 ሲባዙ 134.62 ብር ናቸው። ድምሩ 538.47 ብር ነው፤ የዕለቱ ደመወዝዎ ግን 307.69 ብር ነበር። በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሠሩ ስሌቱ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ነው። ሕጉ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ክልከላውን የጣሰው አሠሪው ስለሆነ «ከ4 ሰዓት በላይ ያለውን አልከፍልም» ሊል አይገባም።

የሬዲዮው ቅነሳም ሕገ ወጥ ነው። አንቀጽ 59 ከደመወዝ ላይ መቀነስን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዝ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። የ8,000 ብር ሲሶ 2,666.67 ብር ነው።

ሥራው ሲያበቃ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። ለዘገየበት ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ፣ በእርስዎ ጉዳይ እስከ 24,000 ብር፣ እንዲከፈልዎ ሊወስን ይችላል፤ በአቤቱታዎ ላይ በግልጽ ይጠይቁት። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በሠሩበት ጊዜ ልክ በገንዘብ ይታሰባል። ድራማው ተሸጠ አልተሸጠ የነጋዴው ኪሳራና ትርፍ ነው፤ እርስዎ ባለ አክሲዮን አይደሉም።

ክሱን የሚያቀርቡት ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ፕሮዳክሽን ማናጀሩን እንዳይከሱ፤ እሱም ተቀጣሪ ነው። ደመወዙ የገባበትን የባንክ መግለጫ ያውጡና ላኪው ማን እንደሆነ ይዩ፤ ድርጅት ከሆነ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ይክሰሱ። ለምስክርነት ተዋንያንን አያስቸግሩ፤ ሌላ ሥራ እንዳያጡ ይፈራሉ። ሌሊት ሌሊት ቤትዎ ያደርስዎት የነበረው ሹፌር የመግቢያና የመውጫ ሰዓትዎን ከማንም በላይ ያውቃል።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ስሜ በድራማው ማብቂያ ላይ እንዲወጣ ማስገደድ እችላለሁ ወይ ብለዋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በስም የመጠራትን መብት የሚሰጠው ለሥራው አመንጪ ስለሆነ፣ ይህን የሚያገኙት በስምምነት እንጂ በክስ አይመስለኝም። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የማግኘት መብት ግን አለዎት። እሱንም በዚያው አቤቱታ ላይ ይጨምሩት፤ አቤቱታው ሰኔ 30 ሳይደርስ መዝገብ ቤት ይግባ።