የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ስለ መተው

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰንበት ከእናንተ አንዱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ለሦስት ዓመት ሲጽፈው የቆየውን ተከታታይ ድራማ ዘግቶ ሌላ ሥራ ለመጀመር እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን «ጀምሮ የማይጨርስ» እንዳይባል እንደሚፈራ አጫወተኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ ብናወራም የረባ መልስ ስላልሰጠሁት ይህን ደብዳቤ ለሁላችሁም ጻፍሁ።

የአማርኛ መምህር ከመሆኔ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። በጎጃም ቅኔ ቤት፣ በዋሸራም ይሁን በጎንጅ፣ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ በኩል ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። አንድ ቀን ያቀረብሁት ጉባኤ ቃና ሰምና ወርቁ ሠምሮለት የኔታ «ይበል!» ስላሉኝ፣ በሳምንቱ ያንኑ ጥቂት ቃል ለዋውጬ ይዤ ቀረብሁ። የመጀመሪያውን ቤት እንኳ ሳያስጨርሱኝ፣ «ይህማ ያለፈው ነው፤ ሂድና ሌላ ቍጠር» አሉኝ፤ አዲስ ቅኔ ድረስ ማለታቸው ነው። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል እንጂ አይደገምም፤ የተወደሰውም ቢሆን።

ይህን በልጅነቴ ተምሬ በጉልምስናዬ ረሳሁት። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ማርቆስ በየወሩ የግጥም ምሽት አዘጋጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት የሚያዳምጥባቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ግን የመክፈቻ ንግግሬን ሳነብ፣ የያዝሁት ወረቀት ቀኑ ብቻ የተቀየረ የዓምናው ንግግር መሆኑ ትዝ አለኝ። ከታዳሚው አንድም ሰው አላወቀብኝም፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም ይኸው ነው። በዚያው ጊዜ ስለ ተማሪ ቤት ኑሮ፣ ስለ በግ ለምዱ ደበሎና ስለ ምግብ መለመኛው አኩፋዳ ልጽፈው ያሰብሁት ልቦለድ በአንድ ደብተር ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ጊዜ ብቻ አይደለም ያጣሁለት፤ ወሩን ሙሉ የሌሎችን ስንኝ ሲያርም የከረመ ጆሮ የራሱን ባለታሪክ ድምፅ መስማት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። መወድስ ሲቈጥር አምስተኛው ቤት ላይ የጠፋበት ተማሪ ዋዜማ ልጀምር ቢል የሚጠብቀው ተግሣጽ ነው፤ ቤቱ ገና አልሞላምና። ሥራው ስለ ከበዳችሁ አትተዉት፤ ሳታስቡበት እጃችሁ ብቻ መሥራት ሲጀምር ግን ጠርጥሩት። ለዚያ ወጣትም የምጠይቀው ይህን ነው፦ የድራማው ቀጣይ ክፍል የሚያስጨንቅህ መንገዱ ስለ ጠፋህ ነው ወይስ ገና ሳትጽፈው ስለምታውቀው? የመጀመሪያው ከሆነ ተመለስና ጨርስ፤ ሁለተኛው ከሆነ የጨረስኸው ከቆየ ነው።

አዘጋጌን በተመለከተ የምመክራችሁ በጥፋቴ ነው። ምሽቱን በ2000 ዓ.ም. ክረምት ለማንም ሳልናገር፣ የአዳራሹን ቁልፍ መልሼ ዝም ብዬ ተውሁት። መስከረም ላይ ልጆች ግጥማቸውን በኪሳቸው ይዘው መጥተው በሩ ተዘግቶ አገኙት። አንዲቱ ከደጀን በአውቶቡስ የመጣች ነበረች። የመጨረሻውን ቀን ቀድሜ ነግሬ፣ የተሰበሰቡትን ግጥሞች ለባለቤቶቻቸው መልሼ፣ ልቀጥል ለሚል ቁልፉን ባስረክብ ኖሮ ከእኔ የሚቀነስ ምንም አልነበረም። ይቅርታ የጠየቅኋት ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ አግኝቻት ነው።

ደግሞም አንዱን በዘጋችሁ ማግስት ሌላው ይጎርፍልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ እስከ ታኅሣሥ አንድ ገጽ አልጻፍሁም፤ በግጥሙ ቅዳሜ ማታ ማታ እግሬ ሳላዘው ወደ አዳራሹ ይወስደኝ ነበር። በገና ሰሞን ግን አንድ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ነቅቼ፣ በልጅነቴ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ውሻ ያባረረን ሌሊት መስሎኝ መብራት አበራሁ፤ ያን ደብተርም አወጣሁት።