መጀመሪያ ያንን ታንክ መዳብ ነክቶት እንደሆነ ጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ያገለገለ 20 ጋሎን የባሕር ዓሳ ታንክ (አኳሪየም) ከነድንጋዩ ከሰው ገዝተሃል፣ ሁለት ክላውን ዓሳ አስገብተህ ሦስት ወር ሆኖሃል፣ አሁን ለጀማሪ የማያስቸግር ኮራል የቱ እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ሱቁ ዞአንቲድ በሚባለው ኮራል ጀምር ብሎሃል። ሰዉም ከላይ የኮራል ስም ደርድሮልሃል። እኔም ስም እነግርሃለሁ። ግን ታንኩን የሸጠልህ ሰው ምን መድኃኒት ይጨምርበት እንደነበር አንድም ሰው አልጠየቀህም። እኔን ያቃጠለኝ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ጨውህ 1.025 አካባቢ (ውሃው ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት)፣ ሙቀቱ 78 ፋራናይት፣ ከዓሳ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ዜሮ ነው ብዬ ነው የምነሳው። ሦስት ወር ዓሳ ካኖርክ ይሄን ታውቀዋለህ።

1. ውሃ። እንደኔ አፓርትመንት ውስጥ ነህ ብዬ ገምቻለሁ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀም። እኔ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ውሃችን ከዲሲ ውሃ ጋር ምንጩ አንድ ነው፣ ክሎራሚን አለበት። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ስለሆነ በባልዲ አሳድረኸው በነጋታው ተኖ አይጠፋልህም። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ደግሞ መስመሩን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። አርኦ ዲአይ (RO/DI) የሚባለውን፣ ውሃውን ፍጹም ንጹሕ የሚያደርግ ማጣሪያ ግዛ። ኩሽና ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ስትጨርስ ነቅለህ ቁም ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጠው አለ። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው የቲዲኤስ (TDS) መለኪያ ዜሮ ካላሳየህ ውሃው ታንክ ውስጥ አይገባም። በትነት የጎደለውንም በዚሁ ንጹሕ ውሃ ሙላ፣ ጨው ስለማይተን ጨዋማ ውሃ ከጨመርክ ጨዉ እየከረረ ይሄዳል። ሕንፃህ የድሮ ከሆነ ቧንቧው ራሱ መዳብ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ትንሽ ትንሽ ወደ ውሃው ይገባል።

2. መዳብ። 2022 ላይ ነው፣ ፋሲካ ኤፕሪል 24 የዋለበት ዓመት። ታንኬ ገና ስምንት ወሩ ነበር። አምስት ኮራል ነበረኝ። ቤት ሰው ሲመጣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ታንኩ ፊት ነበር የሚቆመው። ኬንያ ትሪ የሚሏት ኮራል ነበረችኝ፣ ሁለት ጣት ታክል የነበረችው መዳፍ አክላ ነበር፣ በጣም ነበር የምወዳት። ሕማማት ላይ ክላውኖቹ ነጭ ነጠብጣብ አወጡ። ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ለበዓሉ እንግዳ ጠርቼ ስለነበር ቸኮልኩ። ኮራሎቹን ሁሉ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። "ታንኬ ውስጥ ኮራልና ቀንድ አውጣ አለ" አልኩት። ሁለቴ ነው የነገርኩት። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ አንድ ጠርሙስ አወረደና "ይሄን ጨምር፣ በሁለት ቀኑ ድገመው" አለኝ። 19 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ጨመርኩ። ጠዋት ስነሳ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ወርደው አሸዋው ላይ ተገልብጠዋል። ዞአንቲዶቹ ተዘግተዋል። ኬንያ ትሪዋ ተኝታለች። እኔ ግን የዓሳዎቹ ነጠብጣብ ሲቀንስ አየሁና መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብዬ በሁለተኛው ቀን ደገምኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። በአራተኛው ቀን ቤቱ ሁሉ ሸተተ።

ያን ጊዜ ጠርሙሱን አንስቼ አነበብኩት። ከጀርባው፣ ከታች በኩል፣ በደቃቅ ፊደል መዳብ መሆኑንና አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ባሉበት እንዳይጨመር ይላል። ኮራል እንስሳ ነው፣ አከርካሪ የለውም። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕም እንደዚያው። ዓሳውን የሚያድነው መዳብ እነሱን ይገድላቸዋል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በሥራዬ መለያውን ሳላነብ ለአንድ ሰው እንኳ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። ለቤቴ ግን የሱቁን ሰው አምኜ ጨመርኩ።

ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት። ይቅርታ እንኳ አላለም። "ማንበብ ያንተ ፋንታ ነው፣ ምናልባት እንግሊዝኛው ከብዶህ ይሆናል" አለኝ፣ ሌላ ደንበኛ ፊት። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ሱቅ አልገባሁም፣ ሌላም ሰው እንዲገባ አልመክርም።

ግን የባሰው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩና አሸዋው መዳቡን ይመጥጡትና ቀስ እያሉ መልሰው ይለቁታል። ይሄን አላወቅኩም ነበር። ውሃውን አራት ጊዜ በግማሽ ቀየርኩ፣ ካርቦን (የማጣሪያ ከሰል) ጨመርኩ፣ መዳብ የሚስብ ማጣሪያ ገዛሁ። ከወር በኋላ ጸድቷል ብዬ በ25 ዶላር መሽሩም የሚባል አንድ ኮራል አስገባሁ። በአራት ቀን ሟሟ። ያን ጊዜ ድንጋዩንም አሸዋውንም አውጥቼ ጣልኩት። የሞተውን ኮራል፣ ድንጋዩንና ማጣሪያውን ስደምረው 640 ዶላር ነው የወጣብኝ፣ ያውም ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ያጠራቀምኩት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። የሸጠልህን ሰው ደውልለት። "ዓሳ ታሞብህ እዚያው ታንክ ውስጥ መድኃኒት ጨምረህ ታውቃለህ?" በለው። አዎ ካለህ ድንጋዩንና አሸዋውን አትመነው፣ ቀይረው። መስታወቱን በኮምጣጤ አጥበህ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ እኔ የራሴን እንደዚያ አድርጌ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። አላውቅም ካለህ የመዳብ መመርመሪያ ግዛ። ግን ዜሮ አሳየ ብለህ አትዝናና፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን አያይልህም። አንዲት ቀንድ አውጣ አስገባና ሁለት ሳምንት ጠብቅ። መስታወቱ ላይ እየዞረች ከበላች ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ሁለተኛውን ዙር የጀመርኩት በአንዲት ቀንድ አውጣ ነው፣ አሁንም አለች።

ዓሳህ ቢታመም ደግሞ 10 ጋሎን ባዶ ታንክ ይኑርህ። አሸዋ አያስፈልገውም፣ ዓሳዎቹ የሚደበቁበት ሁለት ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። መድኃኒቱን እዚያ ስጣቸው። ዋናው ታንክ 76 ቀን ያለ ዓሳ ይቆይ፣ ነጭ ነጠብጣቡን የሚያመጣው ተውሳክ የሚጣበቅበት ዓሳ ካጣ ያልቃል። ኮራሎቹ ካሉበት አይነኩም። 76 ቀን ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔ ካላንደር ላይ እያሰመርኩ ነው የቆጠርኩት።

ኮራሉን በተመለከተ፣ ሱቁ በዞአንቲድ ጀምር ያለህን አልስማማበትም። በመሽሩም ጀምር። ደካማ መብራት ይበቃዋል፣ ከታች አሸዋው አጠገብ፣ ውሃው ብዙ በማይገፋው ቦታ አስቀምጠው፣ ከዚያ ተወው። እጅህን አታስገባ። የኔ ጥፋት በየቀኑ ቦታ መቀያየር ነበር። ለአንድ ኮራል ከቦታ ቦታ መንከራተት ከደካማ መብራት ይብስበታል። መብራትህን በ30 ፐርሰንት ጀምርና በአንድ ወር ውስጥ ቀስ እያልክ ከፍ አድርገው። ውሃው ከመጠን በላይ ንጹሕ እንዲሆንም አትጣር፣ ከዓሳ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር 5 እስከ 10 ሚሊግራም ቢሆን ለነዚህ ይስማማቸዋል፣ ዜሮ ሲሆን ይከሳሉ።

ዞአንቲድ ያምራል፣ ጠንካራም ነው፣ እኔም አለኝ። ግን አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ አትቁረጠው። እሱ ያለበትን ድንጋይ ደግሞ በፍጹም እንዳትቀቅለው፣ በፈላ ውሃም እንዳታጥበው፣ እንፋሎቱ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ልጆች ካሉህ ለነሱም ንገራቸው። ግሪን ስታር ፖሊፕና ዚኒያ የሚባሉትን ኮራሎች ከፈለግክ ለብቻው በቆመ ድንጋይ ላይ ይሁኑ፣ አለበለዚያ እንደ ሣር ሁሉን ያለብሱታል።

የኛ ቤት ነገርም አለ። ቅቤ ወይም ሎሽን የነካ እጅ ታንክ ውስጥ አይገባም። ዕጣን የሚጨሰውና ቡና የሚቆላው ከታንኩ ራቅ ብሎ ነው፣ መስኮት ተከፍቶ። እናቴ ዕጣን ስታጨስ እንኳ ማጨሻዋን ታንኩ ወዳለበት ሳሎን አታመጣውም፣ እሷም ለምዳዋለች።

ዛሬ ታንኬ ሞልቷል። ኬንያ ትሪ እንደገና አለችኝ፣ ቅርንጫፏን እየጣለች ሌላ ታበቅላለች፣ እስካሁን ለስድስት ሰው ሰጥቻለሁ፣ ሁሉም ጋ ይዟል። መሽሩሞቹም ተባዝተው ቦታ አጥተዋል። አንተ ሻጩን ዛሬውኑ ደውልለትና የመለሰልህን እዚሁ ጻፍልኝ። ቀንድ አውጣዋ ሁለት ሳምንት ከቆየችልህ የመጀመሪያውን መሽሩም ከኔ ትወስዳለህ፣ እስከዚያ ምንም እንዳትገዛ።