ቁሌቱን በዋዜማው ጨርሺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ካገባሽ ዓመት አልሞላሽም፣ ቤትሽ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ዘንድሮ ገና አንቺ ጋ ነው ተብሏል። የባልሽና ያንቺ ቤተሰብ ተደምሮ 15 ሰው። "ከየት ልጀምር? እራት ይሁን ምሳ?" ነው ያልሽው።

ምሳ አድርጊው። ያውም ዘግየት ያለ፣ 8 ሰዓት አካባቢ። ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ሌሊቱን አስቀድሶ፣ ቤቱ ገብቶ ገድፎ ይተኛል። 6 ሰዓት ላይ ብትጠሪው እያዛጋ ነው የሚመጣው። እራት ካልሽ ደግሞ ትልልቆቹ ሲመሽ መንገድ አይወዱም።

ዋናው ጭንቅ ዶሮ ወጡ ነው። በዋዜማው አንቺም ጾመኛ ነሽ፣ ቅቤና ሥጋ የገባበትን ወጥ አትቀምሺም። ጨው በዛ፣ አነሰ የሚልሽ ሰው የለም። ግን አስቢው፦ ቁሌቱ ቅቤ እስኪገባበት ድረስ የጾም ነው! ሽንኩርቱን ውሃው እስኪመጥ በደረቁ አቁላዪው። ከዚያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው። 9 ሰዓት አልፎ እህል ከቀመስሽ በኋላ ጨዉንም በርበሬውንም በምላስሽ ታስተካክያለሽ። ዶሮው በጨውና በሎሚ ስለሚታሽ ጨዉን ትንሽ ጎደል አድርጊው። ዶሮው፣ ቅቤውና መከለሻው ኋላ ይገባሉ፤ ያኔ መቅመስ አያስፈልግሽም፣ ሽታው ይነግርሻል። ከዚያ በላይ ከፈራሽ የማይጾም ሕፃን ፈልጊ። ልጆች ሲቀምሱ አይዋሹም።

እኔ ለአንድ ሐበሻ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ነው የምከትፈው። በሽንኩርት አትቆጥቢ፣ በሰዓትም አትቆጥቢ። ቁሌት ከሦስት ሰዓት በታች ከወጣ አልበሰለም ማለት ነው። ለ15 ሰው ሁለት ዶሮ ይበቃል፤ ብልቱ 24፣ እንቁላሉም 24። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አውጥተሽ ትርፉ ሳይጠራ ለሚመጣ ነው። ይመጣል ደግሞ። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ቶሎ ስለሚፈርስ መጨረሻ ላይ ጨምሪው። የሚያርድልሽን ሰው ቀድመሽ ያዢ፤ በዋዜማው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይፈልገዋል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ቡታጋዝ ወይም ከሰል ይኑርሽ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ በርሜሉን ሙዪ፣ ዶሮ እጥበት ውሃ ይጨርሳል።

ጠላ ልጥመቅ ብለሽ እንዳታስቢ። ድፎ ዳቦም ለዘንድሮ ይቅርብሽ። ሰው "ምን ይዤ ልምጣ?" ሲልሽ "ኧረ ምንም" አትበይ። ድፎውን እናትሽ ይድፉ፣ መጠጡን ወንድምሽ ያምጣ። እንጀራውን ግን ራስሽ ሳምንት ሲቀረው እዘዢ።

አማትሽን ደግሞ በርበሬ ለምኛቸው። ተንኮል ነው፣ አውቃለሁ። ግን በገዛ በርበሬያቸው የተሠራ ወጥ እንዴት ብለው ያሙታል?

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ሆድ ነው የምትጋብዢው። በአንድ ቀን ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስና ቅቅል ብትደረድሪበት ማታ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነው የሚያድረው። ከዶሮው ጋር ጥብስ ብቻ በቂ ነው፤ እሱንም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ባልሽ ይጥበሰው። ጎን ለጎን ጎመን፣ አይብና ሰላጣ አድርጊ። ምስር ወጥም ቅቤ ሳታስነኪ በተለየ ድስት ሥሪ። ሙስሊም ጎረቤት ብቅ ካለች ባዶ እጅሽን አትቀሪም። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ስለሚበላ በዚያ አትጨነቂ።

ማዕዱ ሲቀርብ ዳቦውን በዕድሜ የገፉት ይባርኩና ይቁረሱ። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፤ ጭልፋው ካንቺ እጅ አይውጣ። ፈረሰኛውን ለአማትሽ ባል አውጪላቸው፣ መላላጫውን ልጆቹ ይሻሙበት። አባትሽም እዚያው ካሉ ሁለተኛው ዶሮ ፈረሰኛ አለው፤ ሁለት ዶሮ ያልኩሽ ለብልቱ ብዛት ብቻ አይደለም።

ቡናውን ለባልሽ እህት ስጪያት። አንቺ ያን ጊዜ ቁጭ ብለሽ ብዪ።