ሊሾው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃው ይታይ

እህቴ፣ እዚህ መድረካችን ላይ የለጠፉትን ጥያቄም ፎቶግራፎቹንም በደንብ ተመልክቻለሁ። ካዛንቺስ ባለው የእንግዳ ማረፊያዎ የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ኮንክሪት ተሰነጣጥቋል፤ ቡናማ፣ ጥቁርና ነጭ እድፍም ይዟል። ግንበኛዎ «ላዩ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊሾ እንጥልበትና ቀለም እንቀባዋለን፤ ለገና ይደርሳል» ብሏል። እርስዎ የጠየቁት ሊሾው፣ ማለትም ስሱ የሲሚንቶ ልባስ፣ በየትኛው ሲሚንቶ ይሠራ የሚል ነው። እኔ ግን በየትኛውም አይሠራ እላለሁ። በፎርማንነት የኖርኩት በሆቴልና በመኖሪያ ግቢ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሊሾ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለማንሳት መዶሻ እንኳን አያስፈልግም፤ አካፋ ይበቃዋል።

የቆየ ኮንክሪት አቧራ፣ የሰውነት ቅባትና የገንዳ ኬሚካል ጠጥቷል። ስስ ሊሾ እንዲህ ባለ ወለል ላይ አይጣበቅም። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ውሃውን ከመጠንከሩ በፊት ይመጥጡበታል። ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ሥር ያለው ስንጥቅም በዚያው መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ቀለሙ ደግሞ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይላጣል፤ እርጥብ ባዶ እግር ሲያርፍበትም ያንሸራትታል። ሴራሚክ ይሻላል ያሉዎት አስተያየት ሰጪም ተሳስተዋል። የሚንቀሳቀስ ወለል ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ይሰበራል፤ ለስላሳው ዓይነት ለገንዳ ዳር ጭራሽ አይሆንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ፎቶግራፍ እንሂድ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ስንጥቁ ከገንዳው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ከገንዳው ጋር ትይዩ ይሄዳል፤ በገንዳው በኩል ያለው ጎን ዝቅ ብሏል። ገንዳ ሲቆፈር ጉድጓዱ ከገንዳው ይሰፋል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ በዙሪያው የቀረው ክፍተት በአፈር ይሞላል። ይህ አፈር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተደለደለና በየደረጃው እየተጠቀጠቀ መሞላት ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን ከቁፋሮው የወጣው አፈር እንዳለ ይገለበጥበትና ኮንክሪት ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ የወለሉ ግማሽ ባልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ በልቅ ሙሌት ላይ ያርፋል። ሙሌቱ ሲሰጥም ወለሉ በሁለቱ ድንበር ላይ ይሰበራል። የእርስዎ ስንጥቅ መስመር ይህ ይመስለኛል።

ሙሌቱን የሚያሰጥመው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ ከሲሚንቶ በፊት የውሃውን መንገድ ይፈልጉ። መጀመሪያ ገንዳው ራሱ እንደሚያፈስ ይመርምሩ። አንድ ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው በገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፤ የባልዲው ውሃና የገንዳው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ሁለቱንም በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ ፓምፑን ያጥፉ፣ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ፀሐይና ነፋስ ከሁለቱም እኩል ይወስዳሉ። የገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከወረደ ውሃው እየፈሰሰ ነው። ፓምፑ እየሠራ ድጋሚ ይሞክሩት፤ ያኔ ይበልጥ የሚወርድ ከሆነ ቧንቧውን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ቀና ብለው አሸንዳውን ይመልከቱ። የጣሪያው ውሃ የት ነው የሚያርፈው? በሁለተኛው ፎቶግራፍ ጥግ ላይ የሚታየው ቱቦ በቀጥታ ወለሉ ላይ የሚዘረግፍ ይመስላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ሁሉ በአንድ ስንጥቅ በኩል ሙሌቱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ወለሉ ከገንዳው እየራቀ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ባልዲ ውሃ ያፍሱበትና ወዴት እንደሚሄድ ይዩ፤ ወደ ስንጥቁ ከሄደ የችግሩን ግማሽ አገኙት።

አፈሩንም ይወቁ። በወለሉ ዳር ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ቦሌና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስንወርድ ጥቁሩ። መሀል ከተማው ድብልቅ ስለሆነ የጎረቤት ግቢ ማስረጃ አይሆንዎትም። ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ወለሉንም ያንቀሳቅሰዋል። በኢንተርኔት የሚያገኟቸው የውጭ አገር መመሪያዎች ግማሽ ገጻቸውን የሚሰጡት በክረምት ኮንክሪት ውስጥ ለሚቀዘቅዝ ውሃ ነው። ያ የእኛ ችግር አይደለም፤ ይዝለሉት። የእኛው አፈሩ፣ ዝናቡና የቀን ፀሐይ ከሌሊት ብርድ ጋር መፈራረቁ ነው።

እንግዲህ ስንጥቆቹን እንለያቸው። እንደ ፀጉር የቀጠኑት፣ መረብ የሚመስሉት ላዩ ቶሎ በመድረቁ የመጡ ናቸው። መልካቸው ይከፋል እንጂ አደጋ የላቸውም፤ ይጽዱና ይተዉ። ረዥምና ቀጥ ያሉት፣ ሁለቱ ጎናቸው እኩል የሆኑት ደግሞ ጆይንት የሚባለው የመቁረጫ መስመር ባለመኖሩ የተፈጠሩ ናቸው። ለ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በየ2.5 እስከ 3 ሜትር፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መቁረጫ መስመር ያስፈልግ ነበር። ሰው ካልቆረጠለት ኮንክሪቱ ራሱ የመረጠው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። እነዚህን በሲሚንቶ አይድፈኑ፤ ይንቀሳቀሳሉና ተመልሰው ይከፈታሉ። በግራይንደር (በመቁረጫ ማሽን) ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያስከፍቷቸው፣ አቧራው ይነፋ፣ ደረቅ ይሁኑ፣ ከሥር የአረፋ ገመድ ይግባና ላዩ በፖሊዩሪታን ማሸጊያ ይሞላ። በወለሉና በገንዳው ጠርዝ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ ይሞላ። እሱ ክፍተት በሲሚንቶ ከተዘጋ ወለሉ ሲሰፋ ጠርዙን ይገፋል፤ የላላው ድንጋይዎ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሰመጠው ክፍል ግን መድፈኛ የለውም። በመዶሻ እጀታ እየመቱ ያዳምጡት፤ እንደ ባዶ እንስራ የሚያስተጋባው ቦታ ሥሩ ክፍት ነው። ያንን በግራይንደር ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ማንሳት፣ ልቅ አፈሩን ማውጣት፣ በገረጋንቲ (ለሙሌት በሚሆን ጠጠራማ አፈር) እያረጠቡና እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያ አዲስ ኮንክሪት ማፍሰስ ነው። ሥራው አቧራና ጩኸት አለው፤ ሌላ አቋራጭ ግን የለም። ግንበኛው «እንዲመቸን የገንዳውን ውሃ እናፍስሰው» ቢል አይስማሙ። ክረምቱ ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ መሬቱ ገና ውሃ ከያዘ ባዶ ገንዳን ከሥር ሊገፋውና ሊያነሳው ይችላል።

ለአዲሱ ኮንክሪት አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ይበቃል። ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ ውሃው ከ25 ሊትር አይብለጥ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይቀነስ። ሠራተኛ ለማፍሰስ እንዲቀለው ውሃ መጨመር ይወዳል፤ አጠገቡ ቆመው ይከልክሉት። አሸዋውን በጠርሙስ ይፈትኑ፦ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪው ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ጥሩ መነቅነቅ፣ ከዚያ ማሳደር። ላዩ ላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሲሚንቶን በተመለከተ የጠየቁትን እዚህ ልመልስ። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቶሎ ይጠነክራል፤ ፒፒሲም (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይሠራል፣ ግን ዝግ ስለሚል ረዘም ያለ ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። ጊዜ ስለሌለዎት ኦፒሲ ይግዙ። ፌሮው፣ ማለትም በኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ መሬት ላይ ተኝቶ እንዳይቀር በኮንክሪት ቁራጭ ከፍ ይደረግ። ላዩ በብረት ፍራታሶ አይለስልስ፤ በመጥረጊያ ይሻከር። ሲጠነክር በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ቢያንስ ለ7 ቀን ያጠጡት።

እድፉን በተመለከተ ቀለሙ ምንጩን ይነግርዎታል። ጥቁርና አረንጓዴው ሻጋታና አልጌ ነው፤ የተበረዘ በረኪና፣ ጠንካራ ብሩሽና ብዙ ውሃ ያስለቅቀዋል። ቡናማው ሁለት ዓይነት ነው። ከወንበርና ከጠረጴዛ እግር ሥር የሚገኘው የብረት ዝገት ነው። እሱን በረኪና አያነሳውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል፤ ኦክሳሊክ አሲድ ይፈልጉለት። ከባሕር ዛፉ ቅጠል የመጣው ደግሞ ለበረኪናው ይሸነፋል። የዝገቱ መስመር ከወለሉ ውስጥ ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ ግን ፌሮው እየዛገ ነውና ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ይሆናል። ነጩ በስንጥቅ ዳር ከተሰለፈ ውሃ ከሥር ኖራ ይዞ እየወጣ ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፣ መድኃኒቱ ግን ከላይ ያልኩት የውሃ ጉዳይ ነው። ፍልውሃ አካባቢ ማዕድን ያለው ሙቅ ውሃ የሚጠቀም ገንዳ ከሆነ፣ ከርጭቱ የሚቀር ነጭ ቅርፊት ሌላ ነገር ነው። የእርስዎ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ይህ አይመለከትዎትም።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ፦ በረኪናና አሲድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወለል ላይ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፍሰስ፤ ጓንትና መነጽር ይኑር፤ እጣቢው ወደ ገንዳው እንዳይገባ ይከለል።

ከግንበኛው ጋር ሲዋዋሉ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ማንሳት፣ መጠቅጠቅ፣ ጆይንት መቁረጥና ማጠጣት እያንዳንዳቸው በስም ይቀመጡ። በተለይ ማጠጣቱ የማን ሥራ እንደሆነ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ለዘበኛው ይቀራል፣ ዘበኛው ደግሞ ማንም አልነገረውም።

ለገና ሰባት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። የባልዲው ምርመራ ንጹሕ ከሆነ የሰመጠውን ክፍል በዚህ ሳምንት ያስፈርሱ፤ ከተፈሰሰ በኋላ 28 ቀን ሞልቶት እንግዶችዎ ይደርሱበታል። ኮንክሪቱ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ዓይነት የውሃ መከላከያ ከፈለጉም ከዚያ በኋላ ይቀባ፤ ገጽ ሠርቶ የሚያብለጨልጨውን አይግዙ። ገንዳው የሚያፈስ ሆኖ ከተገኘ ግን የሰመጠውን ቦታ በገመድ ከልለው እድፉን ብቻ ያስጸዱ፣ አሸንዳውን ያስቀይሩ፤ ኮንክሪቱ ፍሳሹ ከተጠገነ በኋላ ከጥምቀት ወዲያ ይሠራል። ባልዲውን ዛሬ ማታ ያስቀምጡና የሁለቱን ምልክት ልዩነት እዚሁ ይጻፉልን፤ የቧንቧ ባለሙያ የሆኑ አባላትም ስላሉ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።