ደካማ ነፋስ ላይ የትኛው ቦርድ? ከገላን ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ላንጋኖ ላይ ዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ መሄድ) ጀምረሻል፤ ሸራውን ከውሃ አንስተሽ መሄድና መዞር ትችያለሽ። 62 ኪሎ ነሽ። ቤትሽ ገላን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ መውረድ ይቀልሻል፣ ግን እዚያ ነፋሱ ደካማ ነው ብለውሻል። ከውጭ የሚመጣው የአጎትሽ ልጅ 2.40 ሜትር የሚረዝም ባለ115 ሊትር ቦርድ ሊያመጣልሽ ይችላል። ቢሾፍቱ ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ፣ 3.70 ሜትር የሚሆን፣ ዳገርቦርድ (ከመሃሉ ወደ ውሃ የሚወርድ ክንፍ) ያለው አሮጌ ቦርድ ለሽያጭ ቀርቧል። የትኛውን ልያዝ ነው ያልሽው።

አሮጌውን ያዢ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፤ ለዓመታት በዚያው መንገድ እየወረድኩ በቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ባቦጋያና ሆራ ላይ ሸራ ይዣለሁ። ይህን የምልሽም በሁለቱም ዓይነት ቦርድ ሄጄበት ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሳውን ነገር ላስቀድም። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሸራን የሚገፋው ደግሞ የነፋሱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የአየሩ ክብደትም ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱ ላይ 10 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) የሚነፍስ ነፋስ ሸራሽ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ጠረፍ ላይ 9 ኖት ከሚነፍሰው ጋር እኩል ነው። በሸራ ስፋት ካሰብሽው፣ ጠረፍ ላይ ባለ6 ካሬ ሜትር ሸራ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ ለማግኘት 7.2 ካሬ ሜትር ያስፈልግሻል። ውሃው ግን እንደ አየሩ አይሳሳም፤ ቦርዱን ወደኋላ የሚይዝበት ኃይል እዚያም እዚህም ያው ነው። የአጎትሽ ልጅ የሚያየው የአምራቾች ሠንጠረዥ፣ "በዚህ ነፋስ ይህን ቦርድ፣ ይህን ሸራ" የሚለው፣ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚጫወት ሰው ነው። እሱ በቅንነት የመረጠልሽ ቦርድ እሱ ላለበት ቦታ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ግን ሲደርስ ነፋሱ አንሶት ይቆማል።

አጭር ቦርድ የተሠራው ለአንድ ነገር ነው፦ ውሃውን እየሰነጠቀ መሄዱን ትቶ በላዩ ላይ እንዲንሸራተት። ፕሌን ማድረግ የሚባለው ይህ ነው፤ እዚያ ሲደርስ በእውነት ደስ ይላል። ነገር ግን በአንቺ ክብደት፣ በዚያ ቦርድና 6.5 በሚሆን ሸራ፣ ጠረፍ ላይ እንኳ 12 ኖት ያህል ይፈልጋል፤ ቢሾፍቱ ላይ 13 እና ከዚያ በላይ በይው። ያ ነፋስ ሲመጣ ያለ መሣሪያም ታውቂዋለሽ፦ ከመንገድ አቧራ ያነሳል፣ ወረቀትና ፌስታል ያበራል፣ ትናንሽ ቅርንጫፎችን ያወዛውዛል፣ ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ያበዛል። ቅጠል ብቻ ካለማቋረጥ ከተነቃነቀ ከ7 እስከ 10 ኖት ነው። ፊትሽ ላይ ተሰማሽና ቅጠሉ ሹክ ካለ ከ4 እስከ 6። ባቦጋያ ዳር ቁጭ ብለሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ብትመለከቺ አብዛኛውን ጊዜ የምታዪው እነዚህን ሁለቱን ነው። አቧራ የሚያነሳው ይመጣል፣ አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ይሄዳል።

ፕሌን በማይደረግበት ነፋስ ፍጥነትን የሚወስነው ርዝመት ነው። ውሃ እየሰነጠቀ የሚሄድ ነገር ሁሉ ራሱ የሚያስነሳው ሞገድ ይይዘዋል፤ ርዝመቱ ሲጨምር ሞገዱ የሚይዝበት ፍጥነትም ከፍ ይላል። በተለመደው ስሌት 2.40 ሜትር የሆነው 3.8 ኖት ገደማ ላይ ይታነቃል፣ 3.70 ሜትር የሆነው 4.7 ኖት ላይ። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የጣና ታንኳም ረጅምና ቀጭን ነው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ውሃው ላይ ግን አንዱ እየሄደ ነው፣ ሌላው ውሃ እየገፋ ቆሟል።

ከርዝመቱም በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ዳገርቦርዱ ነው። በቦርዱ መሃል ባለው ስንጥቅ ወደ ውሃው የሚወርደውን፣ ሳያስፈልግ ሲቀር በእግርሽ ገፍተሽ የምትመልሺውን ያን ረጅም ክንፍ ማለቴ ነው። በዝግታ ስትሄጂ ከቦርዱ ጭራ ሥር ያለችው ትንሽ ክንፍ፣ ፊን፣ ውሃውን የምትይዝበት ጉልበት የላትም፤ ፊን ጉልበት የምታገኘው ከፍጥነት ነው። አጭሩ ቦርድ ዳገርቦርድ ስለሌለው በደካማ ነፋስ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነፋሱ ወደሚሄድበት ዳር ይወስድሻል። ላንጋኖ ላይ ቢሆን በአሸዋው በእግርሽ ትመለሺ ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ብዙው ዳራቸው ገደል ነው፣ ቦርድና ሸራ ተሸክሞ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ከዳሩ ትንሽ እንደራቅሽ እግር አይደርስም። ዳገርቦርዱን አውርደሽ ከተነሳሽበት ቦታ በራስሽ መመለስ መቻል ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ነው። የሕይወት ጃኬት ደግሞ ዋና ብትችዪም ሁልጊዜ ይለበስ፤ በዚህ አልደራደርም።

ስለ ሊትሩ፦ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ይሸከማል። አንቺ 62፣ ቦርዱ፣ ሸራው ከነምሰሶው፣ እርጥብ ልብስ ሲደመር 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ115 ሊትር ላይ አትሰምጪም፣ ግን ነፋሱ ሲቆም ሸራውን ጎትተሽ ስታነሺ ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል። ረጅሞቹ ከ200 ሊትር በላይ ስለሚሆኑ ያን ጭንቀት አታዪውም።

አንድ ነገር ግን ሳትለኪ እንዳትገዢ፦ ስፋቱን። በዚያ ርዝመት ያሉ አሮጌ ቦርዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ለውድድር የተሠሩት ጠባብ ናቸው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ እና በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደሩበት ሚስትራል ዋን ዲዛይን 3.72 ሜትር ረዝሞ ስፋቱ 63 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይሄዳል፣ በደካማ ነፋስ እሱን የሚያስንቅ ቦርድ ብዙ አላየሁም፤ ለጀማሪ ግን ይወላገዳል። አንቺ መዞር ስለምትችዪ በትዕግሥት ትለምጂዋለሽ። ስፋቱ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ ጥርጥር ያዢው። ይህ ባይሳካልሽና ከውጭ ማስመጣት ካለብሽ፣ ቴክኖ 293 የሚባለውን ፈልጉ በያቸው፦ 2.93 ሜትር ርዝመት፣ 79 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 205 ሊትር፣ ዳገርቦርድም አለው። በአየር የሚነፋውም ቦርድ፣ የምሰሶ መግጠሚያ ካለው፣ ለመጓጓዣ ይመቻል፤ ግን ስለሚጣጠፍ ነፋሱን ግማሹን ይበላዋል። ፎይሉን፣ ከሥሩ ባለ ክንፍ ከውሃው በላይ የሚነሳውን ቦርድ፣ አሁን ተይው።

ሸራ ላይ አትስገብገቢ። ከፍታውን አስበሽ 7 ካሬ ሜትር አካባቢ ይበቃሻል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ክብደቱ ክንድሽን ይጨርሰዋል፣ በተለይ ከውሃ ስታነሺው። ሰፊ ሸራ በከባድ የአሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ከምትይዢ ጠበብ ያለውን በካርቦን ምሰሶ ያዢ። ሸራው ከተቀደደ መርካቶ የመኪና ሸራ የሚሰፉት በደንብ ይሰፉልሻል፤ ክሩ ፀሐይ የማይበላው መሆኑን ብቻ ጠይቂ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ደካማ ነፋስ የጠንካራው ነፋስ መጠበቂያ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ከ7 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ከገደሉ ጫፍ ወርዶ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ሆኖ ሲመጣ ታዪዋለሽ፤ ከጥላ ወደ ጥላ መሄድ ነው ጨዋታው። ዳሩ ላይ ገደሉ ነፋሱን ስለሚከልለው ወደ መሃል ቶሎ ውጪ። ረጅሙ ቦርድ አንዴ ከተነሳ ጥላው ቢያልፍ እንኳ በያዘው ግስጋሴ እስከ ቀጣዩ ያደርስሻል፤ አጭሩ እዚያው ይቆማል። ወደፊት ቁሚ፣ ከምሰሶው እግር አጠገብ። ወደኋላ ከቆምሽ ጭራው ሰምጦ ውሃ ይጎትታል፤ ከኋላሽ ውሃው እየተንቦጫረቀ ከሰማሽ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ሂጂ፣ ድምፁ ይጠፋል። ቡሙን፣ የሸራውን መያዣ ዘንግ፣ አትጨምድጂው፣ በጣቶችሽ ያዢው፤ የነፋሱ መጨመርና መቀነስ በጣትሽ ይገባሻል።

ከዚያ በእግር መንዳትን ተማሪ። በዝግታ የሚሄድ ረጅም ቦርድ ግራ ጠርዙን ስትጫኚው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቀኙን ስትጫኚው ወደ ግራ። ሸራውን ሳትነኪ በእግርሽ ብቻ ስምንት ቁጥር እየሠራሽ መሄድ ስትጀምሪ ቦርዱ የአንቺ ሆነ ማለት ነው። ዳገርቦርዱን አውርደሽ ወደ ነፋሱ ስትወጪ ቦርዱ በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዙን ያነሳል፤ ትንሽ ተይው፣ በጎኑ ይሄዳል፣ ሳትዘጋጂ ግን እንዳይገለብጥሽ። ከነፋሱ ጋር ስትወርጂ ዳገርቦርዱን መልሺው። በኋላ ሸራውን ገልብጠሽ መሄድ፣ ወደኋላ መሄድ፣ ሄሊኮፕተር ታክ የሚባለው ሸራውን እያሽከረከሩ መዞር፤ እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት በ5 እና 6 ኖት ነው። ጠንካራ ነፋስ ላይ የሚያስደንቁን ሰዎች እጃቸውን ያፍታቱት እንዲህ ባለ ነፋስ ነው።

የቦታውንም ነገር ጠይቀሻል። ለገዳዲና ገፈርሳ የከተማው መጠጥ ውሃ ናቸው፣ አይታሰቡም። አባ ሳሙኤል ለአንቺ ቅርብ ነው፣ ግን የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባበት ነው፤ ፊትሽን የምትነክሪበት ውሃ አይደለም። ቆቃ ጉማሬና አዞ አለው። የቀረው ቢሾፍቱ ነው። በኢሬቻ ሰሞን ሆራን ለበዓሉ ልቀቂ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ እንደሰማሽ ከውሃው ውጪ፤ በባዶ ውሃ መሃል ምሰሶ ይዞ መቆም ለመብረቅ ራስን መስጠት ነው፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም አትመለሺ። በጋው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ፣ ለእኔ ምርጡ ነው።

የአጎትሽ ልጅ ቦርዱን ያመጣዋል ከተባለም ይምጣ፤ ላንጋኖ ሰፊ ስለሆነ ነፋሱ የተሻለ ጉልበት አለው፣ እዚያ ይጠቅምሻል። ግን አንድ ነገር ንገሪው፦ ቦርዱ ላይ ያለችውን የአየር ማስተንፈሻ ብሎን አውሮፕላን ላይ ሲጭነው ይክፈታት። ጠረፍ ላይ ተዘግቶ የመጣ ቦርድ አዲስ አበባ ሲደርስ ውስጡ የታመቀው አየር ይለጠጥና ቆዳውን ከአረፋው ሊያላቅቀው ይችላል። ውሃ ከመግባትሽ በፊት ደግሞ መዝጋትሽን አረጋግጪ።

አሮጌውን ስታዪ በጉልበትሽ ተጫኚው፣ በጣትሽ አንኳኪው፤ የሚለሰልስ ወይም ድምፁ የሚለወጥ ቦታ ካለ ውሃ ገብቶታል። ሁለት ሆናችሁ ስታነሱት ከሚገባው በላይ ከከበደም እንደዚያው። ስንጥቅ ካለው የፋይበር ሠራተኞች ይሠሩታል፣ ግን ኢፖክሲ እንዲጠቀሙ አስጠንቅቂ፤ ለመኪና የሚቀቡት ፖሊስተር ሬዚን የውስጡን ነጭ አረፋ ያቀልጠዋል። ዳገርቦርዱን ደጋግመሽ አውጥተሽ አስገቢው፣ ካልተንቀሳቀሰ ዋጋ አስቀንሺ። ከሁሉ በላይ ምሰሶው ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን ጎማ እጠፊው፤ የእኛ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሲታጠፍ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ሐይቅ መሃል ይበጠሳል። ያኔ ሸራው በአንድ በኩል አንቺ በሌላ በኩል ትሆናላችሁ። ጎማው ብቻውን ስለሚገዛ ቦርዱን አያስተውሽም፣ ግን አዲሱ ሳይመጣ ውሃ አትግቢ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የዚያን ጎማ፣ የዳገርቦርዱን ስንጥቅና ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ስም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይቼ እነግርሻለሁ።