ፋጉሎና ጉሎ አይገናኙም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እኔ የምኖረው እዚሁ ፒያሳ ነው፣ እናቴ ግን ሸዋ ሮቢት አካባቢ 11 ፍየሎች አሏት፣ ቀን ሜዳ ውለው ማታ ይገባሉ። በጋው ሲገፋ አጥንታቸው ይወጣል፣ ወተትም የለም። መርካቶ የኑግ ፋጉሎ አይቼ ሁለት ኩንታል ልልክላት ስል "ጉሎ ከብት ይገድላል፣ እንዳታመጣብኝ" ብላ በስልክ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው? ስንትስ ነው የሚሰጠው?

መልስ፦ እናትህ ስለ ጉሎ ያሉት ልክ ነው፣ ፍሬው መርዝ አለው፣ ዘይቱ ቢጨመቅ እንኳን መርዙ እዛው ተረፉ ላይ ነው የሚቀረው፣ እሱ ፍየል አጠገብ አይድረስ። ፋጉሎ ግን ኑግ፣ ተልባ፣ የጥጥ ፍሬ ምናምን ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው ነው፣ ስማቸው ተመሳስሎ ነው። በስልክ አትከራከራቸው፣ ስትሄድ አንድ እፍኝ ይዘህላቸው ሂድና ያሽትቱት፣ ኑግ ኑግ ሲላቸው ያምኑሃል።

በጋ ላይ ሳሩ ደርቆ ፕሮቲኑ አልቋል፣ ፍየሏ ሆዷ ሞልቶ ትገባለች ግን ጨጓራዋ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት ራሳቸው ተርበዋል። የኑግ ፋጉሎ 30 ፐርሰንት ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ ትንሽ ስታገኝ እነሱ ይነቃሉ፣ ያው ደረቅ ሳር መፈጨት ይጀምራል፣ ለዛ ነው ብዙ የማያስፈልገው። ለትልቅ ፍየል በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ይበቃል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን 50 ግራም ብቻ ይስጡና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ አለዚያ ተቅማጥ ይመጣል። አንዴ በሚዛን መዝነህ ጣሳ ላይ ምልክት አርግላቸው። ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ ነው የሚሰጠው፣ ጠዋት ከለመዱ በር በሩን እያዩ ይቆማሉ እንጂ አይግጡም። ያረገዙትና የሚያጠቡት ይቅደሙ፣ ወጠጤው ገፍቶ እንዳይበላባቸው ለብቻቸው ይሁን። ጨውና ውሃ እንዳይረሳ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ከሆነ ለግልገል አይሰጥም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሻጋታው ነው። ነጋዴው ከላይ ያለውን ነው የሚያሳይህ፣ አንተ ጆንያው ስር ድረስ እጅህን አስገብተህ አንድ ቁራጭ አውጣና ስበረው፣ ውስጡ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ካለው ወይ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ ከሸተተህ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥህም ተወው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በአይን አይታይም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም፣ በወተት አልፎ ልጆች ጋ ይደርሳል። እዚሁ አዲስ አበባና ዙሪያዋ የላሞች መኖና ወተት ተመርምሮ መርዙ ተገኝቷል፣ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ስለዚህ ሁለት ኩንታል አንዴ አትላክ፣ ለ11 ፍየል ሶስት ወር ይቆያል፣ ቆላ ላይ ደግሞ ዝናብ ከነካው በቃ ነው። 50 ኪሎ 50 ኪሎ እያረክ ላክ፣ እሳቸውም መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ረብርበው ከግድግዳው ራቅ አርገው ያስቀምጡት።